ከደብረ ብርሃን እስከ ጻድቃኔ ማርያም በእግር

ጻድቃኔ ማርያምን ለመሳለም በእግር መሄድ ግዴታ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ፤ ከዚያ ወዲያም በጣርማ በር በኩል ገዳሙ አጠገብ ወዳለችው ከተማ ወደ ሰላ ድንጋይ የሚሄድ መኪና አይጠፋም። በመኪና የመጣ ተሳላሚ በረከቱ አይጎድልበትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንዳንድ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ከገዳሙ ደጃፍ እግራቸውን ዘርግተው፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ምእመን እንደ ሰነፍ ሲያዩት ስለታዘብኩ ነው። የቆሰለ እግር በራሱ ጽድቅ አይሆንም። በእግር የሚሄድ ሰው ግን ሀገሩንና ሀገሬውን ያገኛል። መንገዱ ሁሉ የሚያልፈው በሰው ማሳ ዳርና በሰው ደጅ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ከጉልበቱ ይልቅ እንግድነቱን አሳምሮ ቢነሣ ይሻለዋል። የሚከተለውን የምጽፈውም በዚህ ዓይን ነው።

ዋናው ክብረ በዓል ግንቦት 21 ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰው በሰው ስለሚሆን ብቻውን የተነሣ እንኳ ጓደኛ አያጣም። ችግሩ ጭቃው ነው። ይህ ደጋ በልግ የሚያበቅል ሀገር በመሆኑ ዝናቡ እስከ ግንቦት ሊቆይ ይችላል፤ ጥቁሩ መሬት ከጫማ ሥር እየተጣበቀ እርምጃን ያከብዳል። በኅዳር 21 የሚሄድ ሰው ደግሞ የጠራ ሰማይና የደረቀ መንገድ ያገኛል፤ ነገር ግን ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጾሙንም አስቡበት። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ የኅዳሩ ተጓዥ ጾመኛ ሆኖ ነው የሚራመደው። ግንቦት 21 ግን አብዛኛውን ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ፋሲካ ቀደም ብሎ በዋለበት ዓመት ብቻ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ለእኔ ምርጫው የኅዳሩ ነው። ብርድን በጋቢ እመልሰዋለሁ፤ ጭቃን የምመልስበት የለኝም።

የምትሄዱበትን ቦታ ታሪክ ጥቂት አውቃችሁ ብትነሡ መንገዱ ይጣፍጣል። ግንቦት 21 በግብፅ ደብረ ምጥማቅ እመቤታችን ለአምስት ቀናት የተገለጠችበት መታሰቢያ ነው። ያ የግብፅ ገዳም በ15ኛው መቶ ዘመን መፍረሱን የሰሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት ምድር በዚያው ስም ሌላ አሠሩ፤ ጻድቃኔ ማርያም እርሷ እንደሆነች ይነገራል፤ ስለ ሁለቱ ሰንበታት የተደረገው ታላቅ ጉባኤም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 በደብረ ምጥማቅ ተካሂዷል። የጉዞው መነሻ ደብረ ብርሃንም የእኚሁ ንጉሥ ከተማ ናት። ከሰማይ ብርሃን የታየባት ተብላ የተሰየመችው በእርሳቸው ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያንን ብርሃን በ1456 ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ከንጉሡ ከተማ ወደ ንጉሡ ደብር ነው የምትሄዱት።

ከደብረ ብርሃን ወጥቶ እስከ ጉዶ በረት ያለው መንገድ ለጉልበት ቀላል፣ ለመንፈስ ግን አሰልቺ ነው። ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ባህር ዛፍ፣ በድንጋይ የታጠረ ግቢ፣ በየሜዳው የበግ መንጋ። አስፋልቱን ይዘው ቢሄዱ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልመክርም። የጭነት መኪናዎቹ ይበርራሉ፣ የመንገዱ ዳር ጠባብ ነው፣ ጠንካራው አስፋልትም ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚትን መውጋት ይጀምራል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ገበሬው አህያ እየነዳ ገበያ የሚመላለስባቸው የእግር መንገዶች አሉ። የተጫነ አህያ የሚሄድበት መንገድ ለሰውም ደኅና ነው፤ አህያ ገደል አይመርጥም፣ ወንዙንም የሚሻገረው በደኅናው መልካ ነው። አስፋልት ላይ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ በግራ በኩል ሁኑ፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና ታዩታላችሁ። ማሳ መሐል አቋርጦ መሄድ ግን ነውር ነው። የታረሰና የተዘራ መሬት ላይ የረገጠ ተሳላሚ ለኋለኞቹም ፊት ያስነሣባቸዋል።

ስለ እግር ጉዳይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጉዞውን የሚያቋርጡ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያቋርጡት በእግራቸው ምክንያት ነው። ለጉዞው ብሎ አዲስ ጫማ መግዛት መከራን በገንዘብ መግዛት ነው። ቢያንስ ለወራት የተለማመዳችሁት፣ ከፊት ጣት የምታህል ክፍተት ያለው ጫማ ይሁን፤ ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ስለሚንሸራተት ጠባብ ጫማ የአውራ ጣትን ጥፍር ያጠቁራል። ጥፍራችሁን ከመነሣታችሁ ጥቂት ቀናት በፊት ቁረጡ፤ በመነሻው ዋዜማ የተቆረጠ ጥፍር ጫፉ ስለታም ሆኖ ጎረቤቱን ጣት ይቆርጣል። ጠዋት ተረከዝንና በጣቶች መካከል ያለውን ቦታ ቫዝሊን ቀቡት፣ ቀጭን ካልሲ ከሥር፣ ወፍራም ከላይ ድረቡ። ውኃ መቋጠር ከመጀመሩ በፊት ቦታው ይሞቃል፣ ያቃጥላል። በዚያች ደቂቃ ቁጭ ብሎ ፕላስተር መለጠፍ ነው፤ «እዚያ ዛፍ ጋ ስደርስ» ያለ ሰው ዛፉ ጋ ሲደርስ ቆዳው ተልጧል። የቋጠረው ትንሽ ከሆነ አትንኩት። ትልቅ ሆኖ ማስረገጥ ካልቻለ በእሳት ወይም በአልኮል በጸዳ መርፌ ከዳሩ በስታችሁ ውኃውን አፍስሱ፣ ቆዳውን ግን አታንሡት፤ ከሥሩ ላለው ለጋ ሥጋ ክዳኑ እርሱ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሁሉ በራሱ እጅ አይሞክር፤ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። በባዶ እግራቸው የሚሄዱም አሉ፤ የተሳሉትን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከተማ ላደገ እግር ግን አልመክርም።

ልብስ ላይ ብዙ መባል የለበትም። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ከቆላ የመጣ ሰው ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ቢያድር ትንፋሹ ይለምድለታል። ጋቢ ያዙ፤ ቀን ትከሻ ላይ፣ ማታ አልጋ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ መቀመጫ ይሆናል። ብርዱን አይቶ ፀሐዩን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከፍታው ላይ ፀሐይ ሳትታወቅ ከንፈር ትሰነጥቃለች። የሀገሩ ሰው ጃንጥላ የሚይዘው ለዝናብ ብቻ አይደለም። ዱላም አትርሱ። ለቁልቁለቱ ጉልበት ይሆናል፣ ለውሻም ማስፈራሪያ፤ ማንሣት ይበቃል፣ መምታት አያስፈልግም፣ የሰው ውሻ ነው።

ስንቅ እንደ ጾሙ ይወሰናል። በፍስክ ጊዜ ጭኮ የሚያህል የለም፤ ቅቤ ስላለበት ሆድ ይይዛል፣ አይበላሽም። በጾም ጊዜ ግን በሶና ቆሎ ነው። በሶውን በትንሽ ጨውና በርበሬ አዘጋጅታችሁ በላስቲክ ቋጥሩት፤ ውኃ ባገኛችሁበት ታሹታላችሁ ወይም በጥብጣችሁ ትጠጡታላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የቀኑን ከባድ ዳገት በጠዋቱ ብርድ ጨርሱት፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው መንገድ ሜዳ ይሁን። ከመካከላችሁ አንዱ ቢዝል «ጾምህን ያዝ» እያላችሁ አትጎትቱት። ለሕመምተኛ መፍትሔ የሚሰጥ የንስሐ አባት አለ፤ ሳይነሣ ቢያማክር መልካም ነው። ወንዝና ምንጭ በየመንገዱ ቢገኝም ከላይ ከብት የሚውልበት ስለሆነ ሳታክሙ አትጠጡ፤ ውኃ አጋር ጠብ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ሆድ ታሞ መንገድ ከመቅረት ይሻላል።

መንገድ ስትጠይቁ «ቅርብ ነው» የሚለውን መልስ አትያዙት። ሀገሬው አይዋሽም፤ ለእርሱ ቅርብ ነው። «ፀሐይ የት ስትደርስ እንገባለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ያሳያችኋል፣ በእርሱ ላይ አንድ ሰዓት ጨምሩ።

አሁን ወደ ማደሪያው ልምጣ። ጉዶ በረትን በመሰሉ የመንገድ ዳር ከተሞች አልጋ ቤት አለ፤ በበዓል ሰሞን ግን ቀድሞ ይሞላል። ከከተማ ከወጣችሁ በኋላ ያለው የገበሬ ቤት ነው። ከእኛ ጋር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። በኮንጎ ጫማ፣ በነጠላና በአንዲት ዱላ ከሁላችንም ቀድመው ይሄዱ ነበር። ማደሪያ የሚጠይቁልንም እርሳቸው ናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነበር ቤት የሚመርጡት። ለምን እንደሚቸኩሉ ስጠይቃቸው «ከጨለመ በኋላ የመጣ እንግዳ ያስደነግጣል፤ ያልተዘጋጀ ሰውንም ያዋርዳል፣ ባለቤቲቱ ሊጥ እንኳ አላቦካች ይሆናል» አሉኝ። ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብለው ይቆሙና «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ። ውሻው ሲጮህ ሰው እስኪወጣ አይነቃነቁም።

«እንደምን አመሻችሁ፣ ቤቶች? ጻድቃኔ የምንሄድ መንገደኞች ነን። የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን።»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ። ኧረ ውሻውን ያዘው አንተ ልጅ!»

ይህ መልስ ሁልጊዜ አይገኝም። «ታማሚ አለብን»፣ «ሐዘን ላይ ነን» ሊሏችሁ ይችላሉ። «እግዚአብሔር ይማርላችሁ»፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ማለፍ ነው እንጂ መከራከር የለም። ብዙ ከሆናችሁ ተከፋፈሉ፤ አንድ ጎጆ ላይ አሥራ አምስት ሰው የሚያፈስ ማኅበር አይቻለሁ፣ የዚያ ቤት የሳምንት እህል በአንድ ማታ ነው ያለቀው። ከሴቶች አንዷ ብትናገር ቤቱ ቶሎ ይላላል። ከገባችሁ በኋላ የቤቱ ልጅ ለብ ያለ ውኃ ይዞ እግራችሁን ሊያጥብ ይመጣል። አንድ ጊዜ «ኧረ አይሆንም» ማለት ወግ ነው፤ ደጋግሞ እምቢ ማለት ግን ባለቤቶቹን ያስቀይማል። እነርሱ የሚያጥቡት የመንገደኛ እግር ነው፣ በረከቱን ለራሳቸው ያደርጉታል። መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፣ ከላይ ባና ይደረባል። ያ የበግ ጠጉር ባና ከየትኛውም የከተማ ብርድ ልብስ ይሞቃል። ቁንጫ አለ። ቁንጫ የለም ብሎ የጻፈ ሰው ካጋጠማችሁ ያደረው ሆቴል ነው።

ጠዋት ስትነሡ ገንዘብ በእጅ መስጠት ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ አይቀበሉም፣ የሚቀበሉትም ያፍራሉ። ከከተማ የሚወሰድ ስጦታ ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥሬ ቡና ነው። በዚህ ከፍታ ቡና አይበቅልም፤ ለገበሬው በገንዘብ የሚገዛ፣ እየተቆጠበ የሚፈላ ነገር ነው። በግማሽ ኪሎ እየለያችሁ ቋጥራችሁ ብትይዙ ክብደቱ በየማደሪያው ይቀንስላችኋል። ሳሙናና ስኳርም ጥሩ ነው። ለልጆች ከረሜላ ከማደል ደብተርና እስክርቢቶ ለእናታቸው መስጠት ይሻላል፤ በከረሜላ የለመዱ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁት እጃችሁን ነው። የቆሎ ተማሪዎችም ታገኛላችሁ፤ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉ። ከስንቃችሁ ለእነርሱ ሳታካፍሉ አትለፉ። ከምንም በላይ ደግሞ ሳትጠይቁ ሰው አታንሡ፤ የሰው ጓዳ ገብቶ በስልክ ፎቶ መቅረፅ እንግድነትን ያበላሻል።

ጣርማ በር የጉዞው ጣሪያ ነው። ዳገቱ ድንገት አይመጣም፤ ቀስ እያለ ከፍ ይልና ሀገሩ ይለወጣል። ባህር ዛፉ ይሳሳል፣ ጅብራው በየጥጉ ቆሞ ይታያል፣ ነፋሱ ጋቢ ይነጥቃል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ይቆረጥና ከታች ይፋት ይዘረጋል። እዚህ ጫፍ ላይ የጣለ ዝናብ ሁለት ቦታ ይሄዳል፦ በምሥራቁ ቁልቁለት የወረደው ወደ አዋሽ፣ በስተኋላ የቀረው ደግሞ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ። ከጥዋቱ ፀሐይ ጋር ከገደሉ ወጥተው ሣር የሚግጡት ጭላዳዎች ናቸው፤ በደረታቸው ቀይ ቆዳ ትለዩአቸዋላችሁ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም፤ ምግብ አትወርውሩላቸው፣ ስንቅ መንጠቅ ያስተምራቸዋል። ጉሙ ግን ቀልድ አያውቅም። በደቂቃዎች ውስጥ ወርዶ ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ ይሸፍናል። ጉም ሲወርድ በአንድ ረድፍ ተጠጋግታችሁ፣ ነጠላችሁን ከላይ አድርጋችሁ፣ ባትሪ አብርታችሁ ሂዱ፤ ወደ ገደሉ ጫፍ ለፎቶ የምትጠጉበት ሰዓት አይደለም። አስፋልቱ በጣሊያኖች ዘመን በተቦረቦረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ እናንተ ዋሻው አትገቡም፣ ከዚያ በፊት ወደ ግራ የሚታጠፈውን ጥርጊያ መንገድ ትይዛላችሁ። ከመታጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሰው ጠይቁ።

ከመገንጠያው በኋላ የመኪናው ጩኸት ይቀራል፣ ሰላምታውም ይለወጣል። አሁን መንገደኛው «ወዴት ነው?» አይባልም፤ «በረከቷ ይድረሰን፣ ለእኛም ጸልዩልን» ነው የሚባለው። የሚነግሯችሁን ስም ያዙ፤ የክርስትና ስማቸውን ሰጥተዋችሁ «አስቡን» የሚሉ አሉና እኔ በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ ያለው የመንዝ ተራራ ከሞፈር ውኃ ሸለቆ ማዶ ይታያል። እዚህ ደርሳችሁ ዕረፉ። ቀሪው መንገድ አጭር ነው ብሎ በድካም ላይ በማታ የሚገባ ሰው በዓሉን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። እግራችሁን ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ጠዋት ግቡ።

ገዳሙ ውስጥ ሥርዓቱን የሚነግሯችሁ አባቶች አሉ፤ እነርሱ እንዳሉት አድርጉ። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፣ ብዙዎች ለሰባት ቀን ሱባኤ ይይዛሉ። ሱባኤ የምትይዙ ከሆነ ስንቁን ለመንገዱ ብቻ አትቁጠሩት። ሁለት ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንደኛው መድኃኒት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ ጠበል ጀመርን ብላችሁ አታቋርጡ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። መድኃኒታችሁን ከጓዝ ጋር ሳይሆን በኪሳችሁ ያዙት። ሁለተኛው በመንገድ ዳር ባሕታዊ ነኝ እያለ ራእይ የሚነግርና ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ነው። አንዱ እማማን አስቁሞ «ቤትሽ ላይ ጥላ አይቻለሁ» ቢላቸው «ልጄ፣ ቤቴ በረንዳ አለው» ብለው አልፈውት ሄዱ። ስጦታችሁን በገዳሙ ሙዳየ ምጽዋት ጨምሩ ወይም በደረሰኝ ስጡ።

ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው፣ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ጠይቁ፤ ያለፈው ዓመት መልስ አይሠራም። ሰላም ካልሆነ ስለቱ ይቆያል፣ እመቤታችን አትቸኩልም። መታወቂያ ያዙ፣ በሌሊት አትጓዙ፣ ለቤተሰብ የምታድሩበትን ቦታ በየማታው ንገሩ፤ ስልክ በየሸለቆው ስለሚጠፋ መልእክቱን ከፍታ ላይ ሳላችሁ ላኩት። ፓወር ባንክ ብትይዙ አይከብድም።

ሲመለሱ በእግር የሚሄድ ጥቂት ነው፤ በበዓሉ ማግስት ግን መኪናው ስለሚጨናነቅ አንድ ቀን ቆይቶ በማለዳ መውጣት ይቀላል። ጠበል የምትቀዱበትን ጀሪካን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ክዳኑ እንደማያፈስ አስቀድማችሁ ውኃ ሞልታችሁ ገልብጣችሁ ሞክሩት። ያሳደሯችሁ ሰዎች ደጅ የምታልፉ ከሆነ ከእናንተ የሚጠብቁት ጠበልና እምነት ነው፤ ለእነርሱ ትንንሽ ጠርሙሶች ለይታችሁ ቅዱ። መኪና ስትሳፈሩ ረዳቱ ጀሪካኑን ከጣሪያ ሊያስር ይጠይቃችኋል። እግራችሁ ሥር አድርጉት።